ክር መውጣት መዳን አይደለም

የወንድ ጡት ሲያድግ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በሥራው ስፋት ትንሽ ከሚባሉት ወገን ነው። ሐኪሙ በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ቆዳ የታችኛው ጠርዝ ላይ ግማሽ ክብ ስንጥቅ ያወጣል፤ ከጫፉ ሥር የተቋጠረውን ጠጣር ዕጢ ቆርጦ ያነሣል፤ በዙሪያው ስብ ከበዛ በቀጭን ቱቦ ይመጥጠዋል፤ ከዚያም ይሰፋል። አሜሪካዊው ሐኪም ዌብስተር ይህን አከፋፈት በ1946 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ካስረዳ ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። የቢላው ሥራ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ያልቃል። የሰውነት ሥራ ግን ያን ጊዜ ይጀምራል፤ ከአንድ ዓመት በላይም ይወስዳል። በታካሚውና በቤተሰቡ ዘንድ፣ ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ በብዙ የሕክምና ተቋማት አሠራር ውስጥ የነገሠው አስተሳሰብ ይህን ሁለተኛውን ሥራ ከቁጥር አያስገባውም። «ክሩ ወጣ፤ ዳነ» ይባላል፣ ካርዱ ይዘጋል፣ ሰውየውም ወደ ቀዬው ይመለሳል።

አስተሳሰቡ የትም ቢሆን ስህተት ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች ግን የሚያስከፍለው ዋጋ ይከብዳል። የአካባቢው ታካሚ ገበሬ ነው፤ ወይም የቱሪስት ጓዝ የሚጭን በቅሎ ነጂ፣ ወይም የሰሊጡን ወቅት ጠብቆ ወደ ሁመራና ወደ መተማ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ፣ ወይም ተማሪ ነው። እንዲህ ያለውን ቀዶ ሕክምና ፈልጎ የሚሄደው ከደባርቅ 100፣ ከዳባት 75 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ ወደምትገኘው ጎንደር፣ አለዚያም ወደ አዲስ አበባ ነው። ክትትሉ ከሆስፒታሉ በር ላይ ከቆመ፣ ከዚያ ወዲያ በደረቱ ላይ የሚሆነውን ሁሉ ለብቻው ሊሸከም ተፈርዶበታል ማለት ነው።

ቁስል የሚድነው በሦስት ምዕራፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም ይረጋል፣ ቦታው ያብጣል፣ ይሞቃል፤ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት የሞተውን ይጠርጋሉ። ቀጥሎ፣ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ፣ ሌሎች ሕዋሳት ኮላጅን የተባለውን የፕሮቲን ክር በጥድፊያ ያመርታሉ። ይህ የመጀመሪያው ኮላጅን ብዙ ነው፤ ሥርዓት ግን የለውም። ሦስተኛው ምዕራፍ ያንን እየናደ በጠንካራና በተሰለፈ ኮላጅን የመተካት ሥራ ሲሆን ከ12 እስከ 18 ወር ይዘልቃል። በደረት ላይ ያለ የቆዳ ስፌት የሚፈታው ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ የተሰፋው ቆዳ ጥንካሬ ካልተነካው ቆዳ ከአንድ አሥረኛ አይበልጥም። በሦስት ወሩ ወደ 80 በመቶ ይደርሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን ወደ ቀድሞው አይመለስም። እንግዲህ ክር የሚወጣው ቁስሉ ስለጠነከረ አይደለም። ክሩ ከቆየ ራሱ በቆዳው ላይ የመሰላል ዓይነት ምልክት ስለሚተው ነው ቶሎ የሚነሣው። ታካሚው ግን የተነገረው ወይም የገባው ተቃራኒው ነው፤ በደረቱ ላይ ያለው ቆዳ እጅግ በደከመበት ሰሞን «ጨርሰሃል» ተብሎ ይሰናበታል።

ከቆዳው ላይ ካለው መስመር ይልቅ ብዙውን ታካሚ የሚያስጨንቀው ከቆዳው ሥር ያለው ጠባሳ ነው። ዕጢው የወጣበት ባዶ ቦታ በጠባሳ ይሞላል። ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ከጡቱ ጫፍ ሥር ጠጠር ያለ፣ ሲነኩት የሚያም፣ አንዳንዴም ወጣ ገባ ያለ እብጠት ይዳሰሳል። መጠኑ አስቀድሞ ከነበረው ዕጢ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ይህን የሚዳስስ ወጣት የሚያስበው ከሁለት አንዱን ነው፤ ጡቱ ተመልሶ እያደገ ነው፣ አለዚያም ካንሰር ነው። በአብዛኛው ሁለቱም አይደለም። ሥራ ላይ ያለ ጠባሳ ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ ይለሰልሳል፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ይሟሽሻል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ፣ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ሽታ በሌለው ቅባት ወይም በቫዝሊን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ በጣት ጫን እያሉ ማሸት ማለስለሱን ያግዛል። ይህ ምክር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ተናግሮ ለመጨረስ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሳይነገር በመቅረቱ ግን ታካሚው በሦስተኛ ወሩ ሌላ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ ያልበሰለ ጠባሳ እንደገና ይቆረጣል፤ በአዲሱ ቁስል ላይ ደግሞ ከፊተኛው የበለጠ ጠባሳ ይበቅላል። ለአምስት ደቂቃ ንግግር የተነፈገው ጊዜ በሁለተኛ ማደንዘዣ፣ በሁለተኛ የመኝታ ክፍያና በሁለተኛ ሥቃይ ይከፈላል።

እርግጥ እብጠት ሁሉ ጠባሳ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በአንድ በኩል በፍጥነት የሚነፋና የሚወጥር ከሆነ ደም ተጠራቅሟል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። ከሳምንት በኋላ ሲነኩት የሚናጥ ለስላሳ እብጠት ፈሳሽ ያቆረ ነው፤ በመርፌ ይቀዳል። ትኩሳትና መግል ኢንፌክሽን ነው። የጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ከሰረገደ ከሥሩ የተነሣው ዕጢ ከመጠን በላይ ሆኗል ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሐኪም ከጫፉ ሥር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ዕጢ ሆን ብሎ የሚተወው። ታካሚው እነዚህን ለይቶ ካላወቀ የሚፈራውን ችላ ይላል፣ የማይፈራውን ይፈራል። ደባርቅ ላይ የሚነፋ ደረት ይዞ «ነገ ይሻለኛል» እያለ የሚያድር ሰው ወደ ጎንደር የሚወስደውን መኪና የሚያጣው በሚያስፈልገው ሌሊት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከደባርቅና ከዳባት፣ ይልቁንም ከአስፋልቱ ወርደው በእግር ወይም በበቅሎ ከሚደረስባቸው ቀበሌዎች የመጣ ሰው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁለት ሌሊት ጎንደር ውስጥ ማደር ይገባዋል። በተሠራበት ቀን የሚሰናበት ሰው የከተማው ነዋሪ ብቻ መሆን አለበት።

የቆዳው ጠባሳ ከመጠን በላይ ሲያድግ ሁለት መልክ አለው፤ ሁለቱን ማምታታትም ተለምዷል። አንደኛው ከስንጥቁ ወሰን ሳይወጣ ከፍ ብሎ የሚያብጥ፣ የሚያሳክክ ጠባሳ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይታያል፣ በወራት ውስጥም ራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል። ሁለተኛው ኬሎይድ ነው። ኬሎይድ ከቁስሉ ወሰን አልፎ ጤናማውን ቆዳ ይወርራል፤ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ይነሣል፤ ራሱን ችሎ አይጠፋም። በጥቁር ሕዝቦች ላይ ከነጮች ይልቅ ይበዛል፤ የሚወደውም ቦታ የጆሮ ንቢ፣ ትከሻና የደረት መካከል ነው። ኬሎይድን ቆርጦ መጣል ብቻውን ከተደረገ ከ45 እስከ 100 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ገዝፎ። ትራያምሲኖሎን የተባለውን መድኃኒት በየአራት ሳምንቱ ግድም ወደ ጠባሳው ውስጥ መውጋት ነው የመጀመሪያው ሕክምና።

ይህ ሁሉ ከቢላው በፊት ሊታወቅ የሚችል አደጋ ነው፤ ለማወቅም መሣሪያ አይጠይቅም። በሰሜን ደጋ ቆዳው ላይ ያረጀ ምልክት የሌለበት ጎልማሳ ጥቂት ነው። በክንድ ላይ የክትባት ጠባሳ ይኖራል፤ በልጅነት የተበጣ ሰው የብጣት ምልክት ይኖረዋል፤ አንዳንዱ ለሕመም የተተኮሰበት ቦታ አለው። ሐኪሙ እነዚህን ቢመለከት፣ የታካሚው እናት ወይም እህት የጆሮ ንቢዋ ላይ ያበጠ ጠባሳ እንዳላት ቢጠይቅ፣ የሰውየው ጠባሳ እንዴት እንደሚሆን ከሞላ ጎደል ይነግሩታል። ያረጀ ጠባሳው ሁሉ ጠፍጣፋ የሆነ ሰውና በትከሻው ላይ የክትባቱ ምልክት እንደ ባቄላ የተነፋ ሰው እኩል ምክር ሊሰጣቸው አይገባም። ሁለተኛው ሰው ቀዶ ሕክምናውን ለመተው ሊመርጥ ይችላል፤ ምርጫውም የእሱ ነው። ሳይነገረው የሚፈርም ከሆነ ግን ፊርማው ፈቃድ ሊባል አይችልም።

ከጠባሳ ሁሉ የሚከፋው ሳያስፈልግ የተገኘው ነው። በጉርምስና ዕድሜ እስከ ግማሽ በሚደርሱ ወንዶች ልጆች ላይ ጡት በመጠኑ ያድጋል፤ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥም አብዛኛው ተመልሶ ይጠፋል። የ14 ዓመት ልጅ ለዚህ ቢላ ሥር ሊተኛ አይገባውም። በመድኃኒት የመጣም አለ። ለልብ ድካምና ለሆድ ውኃ የሚታዘዘው ስፓይሮኖላክቶን በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመው ትልቅ ጥናት፣ በቀን 25 ሚሊ ግራም እንኳ እየተወሰደ፣ ከ100 ወንዶች በ10ሩ ላይ የጡት ማደግ ወይም ሕመም አስከትሏል። ለኤች አይ ቪ ለዓመታት የመጀመሪያ ምርጫ ከነበሩት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ኤፋቪረንዝ፣ ለጨጓራ የሚወሰደው ሲሜቲዲንም እንዲሁ ያደርጋሉ። መድኃኒቱ በሐኪም ፈቃድ በጊዜ ከተለወጠ ጡቱ ሊመለስ ይችላል፤ ዓመት ካለፈው ግን ዕጢው ራሱ በጠባሳ ሥጋ ይተካና ሳይቆረጥ አይሄድም። በአረቄ ብዛትም ሆነ በሌላ ምክንያት የተጎዳ ጉበት፣ ከመጠን በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢ፣ የዘር ፍሬ ዕጢም ምክንያት ይሆናሉ።

ስለ አካባቢው ከሆነ አንድ ምክንያት ተለይቶ መነሣት አለበት፤ ረሃብ። የተራበ ሰው እንደገና መብላት ሲጀምር ሰውነቱ ሁለተኛ ጉርምስና ያለፈ ያህል የሆርሞን መዛባት ይደርስበታል፤ ጡቱም ለወራት ሊያብጥ ይችላል። ይህ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የምርኮኛ ካምፖች ነፃ በወጡ ወንዶች ላይ በግልጽ ታይቷል። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በሰሜን ጎንደር፣ በተለይ በጃናሞራና በአጎራባቾቿ፣ ድርቅ ምን እንዳደረገ የሚያውቅ ጤና ባለሙያ፣ ከስቶ የነበረ ወጣት ሲያገግም ጡቱ ቢያብጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ምግቡ ሊሆን ይገባል። ጊዜ ብቻ የሚያድነውን ነገር በቢላ ማከም ሰውየው ላይ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ምልክት መጫን ነው።

በተቃራኒው፣ የተቆረጠውን ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ ምርመራ ሳይልኩ መጣል ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም። ከጡት ካንሰር ሁሉ አንድ በመቶ ያህሉ በወንድ ላይ የሚወጣ ነው። በአንድ ጡት ብቻ፣ ከጫፉ ወጣ ብሎ፣ ሳያም የሚጠጥር እብጠት፣ ከጫፉ ደም መሰል ፈሳሽ ካለም፣ አስቀድሞ ሊመረመር ይገባል። የምርመራው ውጤት በእጁ ያለ ሰው በኋላ ከጫፉ ሥር ጠጠር ቢዳስስ ጠባሳ መሆኑን ለማመን መሠረት አለው። ያ ወረቀት የሌለው ግን በየሌሊቱ ይዳስሳል።

የወንድ ጡት ጠባሳ ለምን ይህን ያህል ቸል ተባለ ቢባል፣ መልሱ ሕመሙ ራሱ ከኀፍረት ጋር መታሰሩ ነው። ነገሩ ጥንታዊ ነው፤ በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጳውሎስ ዘአጊና ቀዶ ሕክምናውን ሲጽፍ ምክንያት ያደረገው ሕመሙን ሳይሆን በሰውየው ላይ የሚመጣውን የሴትነት ነቀፋ ነበር። ጎንደር በጥምቀት ዕለት፣ በፋሲለደስ መዋኛ፣ ወጣቶች ልብሳቸውን ጥለው ወደ ውኃው ሲዘሉ በዳር የሚቀር ወጣት ይኖራል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም በደረቱ ላይ የገዘፈ ጠባሳ ካለ እንደገና በዳር ይቀራል። ለኀፍረት ብሎ የታከመ ሰው ስለ ጠባሳው ሲያማርር ግን «ሥራህን ሥራ፣ ወንድ አይደለህ!» ይባላል። የጤና ሥርዓቱም ይኸንኑ በሌላ ቋንቋ ይደግመዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለመልክ ሲባል የሚደረግ ሕክምናን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል። ድኻ አገር እንዲህ ያለ ወሰን ማበጀቱ ተገቢ ነው። ወሰኑ በሕክምናው ስም ሲሠመር ግን ፍትሕ ይጓደላል። መንግሥት ራሱ ባደለው መድኃኒት ጡቱ ያደገ ሰው የቅንጦት ታካሚ ሊባል አይችልም። ሲያሳክክ እንቅልፍ የሚነሣ፣ ክንድ ሲነሣ የሚወጥር ጠባሳ የመልክ ጉዳይ ነው ማለትም ጉዳዩን አለማየት ነው።

ስለ ማገገም በዓለም ዙሪያ የሚሰራጨው ምክር የተጻፈው ለከተማ ሠራተኛ ነው። ከሳምንት በኋላ ወደ ቢሮ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ወደ ጂም፣ ጠባሳውን ከባሕር ዳርቻ ፀሐይ መከላከል። የምክሩ ፍሬ ነገር ትክክል ነው፤ 2,850 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ በምትገኘው ደባርቅ፣ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐዩ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ያልበሰለ ጠባሳ በፀሐይ መጥቆሩ እውነት ነው። ሆኖም የብርዱ አገር ገበሬ ደረቱን አይገልጥም፤ ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ጋቢ ወይም በርኖስ ደርቦ ነው የሚውለው። ለእሱ የሚያስፈልገው ስለ እርፍና ስለ ቀንበር የሚናገር ምክር ነው። የሚያርስ ሰው በአንድ እጁ እርፉን ይጫናል፣ በሌላው ጅራፍ ያነሣል፤ ማረሻና ቀንበሩን በትከሻው ተሸክሞ ይወርዳል ይወጣል። ይህ ሁሉ በደረት ጡንቻ የሚሠራ ነው፤ ጡንቻው በተንቀሳቀሰ ቁጥር በላዩ ያለው ቁስል ይሳባል። የተሳበ ቁስል ደግሞ ይሰፋል፣ ያብጣል። በቅሎ ነጂም ጓዙን እስከ ጀርባዋ ድረስ በሁለት ክንዱ አንሥቶ ያስራል። ስድስት ሳምንት ከዚህ ሥራ መራቅ ማለት ለቢሮ ሠራተኛ ካለው ትርጉም ፍጹም የተለየ ነው፤ የዓመት እህል ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የቀጠሮው ቀን የሐኪሙ ተራ ብቻ ሳይሆን የታካሚው ዓመትም ሊወስነው ይገባል። ገበሬው ከበልግ ማብቂያ እስከ ሐምሌ በእርሻ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በአጨዳና በውቂያ ተይዟል። ወደ ቆላ የሚወርደው ሠራተኛ በክረምቱ ለአረም፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ለሰሊጥ አጨዳ ይፈለጋል። በሰሜን ተራሮች ፓርክ የቱሪስት ጓዝ የሚጭነው ሥራ የሚያገኘው ዝናቡ ከቆመ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ነው፤ ለእሱ የሚስማማው ክረምቱ ነው። ለገበሬው የሚመቸው ክፍት ጊዜ ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ነው፤ እህሉ ገብቷል፣ እርሻው አልተጀመረም። ሌላም ጥቅም አለው። ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው፤ ገና አልፎ ሁዳዴ እስኪገባ ድረስ፣ ከረቡዕና ዓርብ ከነነዌም በቀር፣ እንቁላልና ወተት ከማዕድ አይጠፉም። ጾሙ ከደረሰም ሽሮ፣ ምስርና ሽምብራ በብዛት ቢበሉ ብዙውን ይሞላሉ፤ ለበሽተኛ የነፍስ አባቱ ጾሙን ሊያላሉለት እንደሚችሉም የታወቀ ነው፤ በረመዳን የታመመ ሙስሊምም ጾሙን ሊያዛውር ተፈቅዶለታል። ሐኪሙ ይህን አንሥቶ ካልተነጋገረ ግን ታካሚው 55ቱን ቀን ቁስሉን ይዞ በአንድ ማዕድ ይውላል።

ጸበልም በዝምታ መታለፍ የለበትም። «አትጠመቅ» ብሎ በደፈናው መከልከል ምእመኑን ከሐኪሙ ያርቃል እንጂ ከጸበሉ አያርቀውም። ማለት የሚገባው ቀላል ነው፤ ቁስሉ እስኪዘጋ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል፣ ጸበሉ ይጠጣ፣ ፊትና ራስ ላይ ይፈስ፣ ደረቱ ደረቅ ይሁን። ካህናቱም ይህን ለማስረዳት እንቢ አይሉም። ባልተዘጋ ቁስል ላይ ቅቤ መቀባት፣ ያበጠውን ቦታ በጋለ ብረት መተኮስ ግን በግልጽ ሊከለከሉ ይገባል፤ መተኮሱ ራሱ አዲስ ጠባሳ ነው፤ ኬሎይድ ለሚያበቅል ሰው ደግሞ የከፋ። ከብት በሚያድርበት ቤት የሚኖር ሰው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማግኘት አለበት፤ ሴቶች በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ፣ ጎልማሳ ወንድ ግን የሚጠይቀው የለም።

በፋርማሲ የሚሸጡት የጠባሳ ቅባቶች ከሚጠየቅባቸው ዋጋ ጋር የሚመጣጠን ማስረጃ የላቸውም። የቫይታሚን ኢ ዘይት ጠባሳን እንደሚያሳንስ አልተረጋገጠም፤ በአንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል። ማስረጃ ያለው ሲሊኮን ነው፤ በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ለሁለት ሦስት ወር ይለጠፋል። ከተወደደ ወይም ከታጣ፣ ነጩን የወረቀት ፕላስተር በመስመሩ ላይ ለወራት እየቀያየሩ መለጠፍ መሳቡን ይቀንሳል፤ በርካሽ የሚገኝ ነገር ነው። ደረትን አጥብቆ የሚይዘው ቬስት ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይለበሳል፤ ከሌለ ሰፊ ኤላስቲክ ፋሻ ይተካዋል፤ ትንፋሽ እስኪያጥር ድረስ ግን መጥበቅ የለበትም።

«አቅም የለንም» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ይነሣል። እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት አገር ስለ ወንድ ደረት ጠባሳ መጨነቅ ቅንጦት ነው ይባላል። መከራከሪያው ክብደት አለው፤ መልስም አለው። የጠባሳ ክትትል አዲስ ሕንፃም አዲስ ሐኪምም አይጠይቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ሠራተኞች አሉ። ደባርቅ ሆስፒታል አላት። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖች ሥልጠና የወረዳ ሆስፒታሎች ቁስል የሚያይ ሰው እንዲያገኙ አድርጓል። ዳባት ውስጥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየመዘገበ ነው። መዝጋቢ እስከ ቤት ደጃፍ የሚደርስበት ወረዳ ለአንድ ታካሚ ቁስል አይደረስበትም ሊባል አይችልም። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ በአማርኛ፣ በግልጽ የእጅ ጽሑፍ ወይም በኅትመት። ምን እንደተሠራ፣ ለጤና ጣቢያው ባለሙያ በሁለተኛው ሳምንት፣ በስድስተኛው ሳምንት፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ምን መመልከት እንዳለበት፣ መቼ ወደ ጎንደር መላክ እንዳለበት፣ የሐኪሙ ስልክ። ጥርጣሬ ቢኖር የጠባሳው ፎቶ በቴሌግራም ይላካል፤ የ100 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ለሚያስፈልገው ብቻ ይቀራል። ይህ ወረቀት ለወንድ ጡት ብቻ ሳይሆን በቀዶ ሕክምና ለወለደች፣ እንቅርቷ ለወጣላት፣ በእሳት ለተቃጠለ ልጅ ሁሉ ያገለግላል፤ ጠባሳቸው በአንድ ሕግ የሚድን ነውና።

ከወረቀቱ ሊቀር የማይገባው የመጨረሻ ነገር የሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ነው። በጡት ጫፍ ዙሪያ ያለው መደንዘዝ በብዙዎች ላይ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ በጥቂቶች ላይ በከፊል ይቀራል። የሁለቱ ወገን አለመመጣጠን እብጠቱ እስኪወርድ ድረስ ሊፈረድበት አይገባም። ሰፍቶ የዳነ ወይም ወደ ውስጥ የተሳበ ጠባሳን ለማስተካከል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከ12 ወር በፊት ባይታሰብ ይመረጣል፤ ኬሎይድ ከሆነ ደግሞ መርፌው ሳይሞከር ቢላ አይነሣም። ያን ጊዜ ታካሚው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ማስታወሻ፣ የፓቶሎጂው ውጤትና በየወሩ የተነሣው ፎቶ በእጁ ሊኖሩ ይገባል፤ እነዚህን የመስጠት ግዴታ ያለበትም መጀመሪያ የቆረጠው ተቋም ነው።